የዶስ ሜሞሪና የ640 ኪሎባይት ጣጣ፦ ጥያቄና መልስ

ዶስ የድሮ ፒሲዎች ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። የቸገራችሁን ጠይቁ። ፕሮሰሰሩን (8088፣ 286 ወይስ 386) እና የዶሱን ቁጥር ግን ጻፉ። ማስነሻ ፍሎፒ (ማሽኑን የሚያስነሳ ዲስክ) ሳታዘጋጁ ኮንፊግ ፋይሉን (ዶስ ሲነሳ የሚያነበውን የቅንብር ፋይል) አትንኩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 386 ማሽን ነው፣ ዶስ 5፣ 4 ሜጋባይት አለው። ጌሙ ግን ሜሞሪ አይበቃም ይለኛል። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ የጎደለህ ሜሞሪ አይደለም፣ አድራሻ ነው። በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ 8088 ፕሮሰሰር 20 የአድራሻ መስመር ነበረው። በ20 መስመር ከ1 ሜጋባይት አይታለፍም። ከዚያ ላይ አይቢኤም የላይኛውን 384 ኪሎባይት ለስክሪን፣ ለባዮስ (የማሽኑ የራሱ ማስነሻ ፕሮግራም) እና ለካርዶች ያዘው። ለዶስና ለፕሮግራሞች 640 ቀረ። ያንተ 386 ብዙ ርቆ መድረስ ይችላል፤ ዶስ ግን እንደ 8088 ነው የሚያሠራው። ሜሞሪ ብትጨምርበትም ለውጥ የለውም። ከ640ው ውስጥ ዕቃ አስወጣ። ኮንፊግ ውስጥ መጀመሪያ ሃይሜምን (ከ1 ሜጋባይት በላይ ያለውን ሜሞሪ የሚያስተዳድረውን) ጫን፣ ቀጥሎ ኢኤምኤም386ን (በላይኛው 384 ውስጥ ክፍት ቦታ የሚያዘጋጀውን) ኖኢኤምኤስ (ያለ ኤክስፓንድድ ሜሞሪ፤ ምንነቱ ከታች አለ) ብለህ፣ ከዚያ «ዶስ=ሃይ፣ዩኤምቢ» (DOS=HIGH,UMB) ጻፍ። ዶስ አብዛኛው አካሉ ከ1 ሜጋባይት በላይ ወዳለው 64 ኪሎባይት ገደማ ይወጣል። የማውሱን ድራይቨር (ማውሱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) በሎድሃይ ትእዛዝ ወደ ላይኛው 384 ክፍት ቦታ አውጣው። ትልልቁን አስቀድም፤ ትንንሹ የተረፈው ክፍተት ውስጥ ይገባል። ፍሎፒውን ግን እንዳትረሳ!

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ሜሞሪ አነሰው፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው ፕሮሰሰር? የትኛው ዶስ? ከላይ የጻፍኩትን አንብብ።

ጥያቄ፦ ኮንፊጉን ቀየርኩት፣ ማሽኑ መነሳት አቃተው። ዶስ 6 ነው።

መልስ፦ ማስነሻ ፍሎፒ ያልኩት ለዚህ ነው። ለጊዜው ሲነሳ ኤፍ5 ተጫን፣ ኮንፊጉን ይዘለዋል። ዶስ 5 ላይ ይህ የለም።

ጥያቄ፦ ኤክስፓንድድና ኤክስቴንድድ አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ኤክስቴንድድ ከ1 ሜጋባይት በላይ ያለው ነው፤ 8088 አይደርስበትም። ኤክስፓንድድ ግን 8088 ላይም ይሠራል። ሎተስ፣ ኢንቴልና ማይክሮሶፍት በ1985 የተስማሙበት ዘዴ ነው። ካርዱ ላይ ብዙ ሜሞሪ አለ፤ ፕሮሰሰሩ የሚያየው በ64 ኪሎባይት መስኮት ነው። መስኮቱ አራት ባለ 16 ኪሎባይት ገጽ አለው፤ ገጾቹ እየተቀያየሩ ይገባሉ። ትልልቅ የሎተስ 1-2-3 ሰንጠረዥ የሚሠሩ ሰዎች በዚህ ነው የተነፈሱት። በጣም ብልህ ሥራ ነው!

ሌላ አባል፦ የ640ው ጥፋት ሁሉ የማይክሮሶፍት ነው።

ሌላ አባል፦ የኢንቴል ነው እንጂ! የሞቶሮላ 68000 ፕሮሰሰር ያኔውኑ 16 ሜጋባይት ይደርስ ነበር።

መልስ፦ 640 ላይ የቆረጠው አይቢኤም ነው። በቃ፣ ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ 286 ላይ ኢኤምኤም386 እምቢ አለ።

መልስ፦ ከ386 በታች አይሠራም። ሃይሜምና «ዶስ=ሃይ» ይበቁሃል።

ጥያቄ፦ ኖኢኤምኤስ ካልኩ በኋላ አንድ ጌም ኤክስፓንድድ አምጣ አለኝ።

መልስ፦ ኖኢኤምኤስን በ«ራም» ቀይረው። መስኮቱ ከላይ 64 ኪሎባይት ስለሚወስድ አንዱ ድራይቨር ወደ ታች፣ ወደ 640ው ሊመለስ ይችላል። ለዚያ ጌም ብቻ ሌላ ፍሎፒ ሥራለት።