ጠረጴዛ ላይ መሥራቱ አይብቃችሁ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በኤሌክትሪክና በመገናኛ መሣሪያዎች መካከል ነው። እኔ በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ማይክሮፕሮሰሰር የሚባለውን ነገር በእጁ የነካ ተማሪ ጥቂት ነበር። ዕቃው የቤተ ሙከራው ንብረት ነው፤ ቤተ ሙከራው ቁልፍ አለው፤ ቁልፉም ኃላፊ አለው። "ቢቃጠልስ?" የሚለው ፍርሃት ከመማር ፍላጎታችን ይበልጥ ነበር። ራስፕበሪ ፓይ ፒኮ የተባለችው፣ በተጻፈላት ፕሮግራም መለኪያና መብራት የምታዝ ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2021 ገበያ ላይ ስትወጣ ዋጋዋ 4 ዶላር ነበር። አገር ቤት ደርሳ መደብር ስትገባ ከዚያ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ሁለት ሦስት ጓደኛሞች አዋጥተው የሚገዟት፣ ብትቃጠልም ማንንም የማታስለቅስ ዕቃ ናት። እንዲህ ያለ ዘመን ላይ መድረሳችሁ ከልቤ ያስደስተኛል።

የምጽፍላችሁ ግን እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት ብቻ አይደለም። በየዐውደ ርእዩና በየመመረቂያ ፕሮጀክቱ ሥራዎቻችሁ ሲያበሩ፣ ሲጮኹ፣ መልእክት ሲልኩ አያለሁ። ከወራት በኋላ የት ደረሱ ብዬ ስጠይቅ አብዛኞቹ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ይህ በጣም ይቆጨኛል። ዋናው ትምህርት የሚጀምረው መሣሪያው ከጠረጴዛ ወርዶ ሰው ቤት፣ እርሻ ወይም ወፍጮ ቤት ሲገባ፣ እናንተም በሌላችሁበት ሲሠራ ነው ብዬ አምናለሁ። አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚያቆመው ግን ልክ እዚያ ደጃፍ ላይ ነው።

እነዚህ ቦርዶች ከርካሽነታቸው የሚበልጥ በጎ ነገር አላቸው፤ አብዛኞቹ ንድፋቸው ክፍት ነው። አርዱዊኖ የተባለው ሌላው እንዲህ ያለ ቦርድ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2005 በሰሜን ጣሊያን ኢቭሪያ ከተማ፣ በአንድ የዲዛይን ትምህርት ተቋም ውስጥ ነው። ማሲሞ ባንዚና ባልደረቦቹ ይፈልጉ የነበረው ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ የዲዛይን ተማሪዎች የሚሆን ርካሽ መማሪያ ነበር። መሠረቱን ደግሞ ኮሎምቢያዊው ኤርናንዶ ባራጋን በዚያው ተቋም ለማስተርስ ዲግሪው ከሠራው ዋይሪንግ ከተባለው ሥራ አገኙት። የሰርኪዩቱን ንድፍ ማንም አይቶ እንዲሠራበት ይፋ አደረጉት። ዛሬ ብዙዎቻችሁ እጅ ያለው ቦርድ ቻይና ውስጥ የተባዛ፣ ዋጋውም ከዋናው በእጅጉ ያነሰ የሆነው ለዚህ ነው። ንድፉን ማባዛት የተፈቀደ ነው፤ አርዱዊኖ የሚለው ስም ግን የንግድ ምልክት ስለሆነ በሌላ ሰው ቦርድ ላይ መለጠፍ አይፈቀድም። ለሌላ ሰው ስትሸጡ ልዩነቱን ሳትደብቁ ንገሩት።

ኡኖ የተባለውን የአርዱዊኖ ቦርድ ንድፍ አንድ ወረቀት ላይ አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። እያንዳንዱ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት ገቺ) እና ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም) እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚሠራ እየጠየቃችሁ አንብቡት። አር3 የተባለው የኡኖ ዓይነት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል ኮምፒውተር በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ የዚህን ደብዳቤ የመጀመሪያ ሦስት አንቀጾች እንኳን መያዝ አይችልም። ጥበቱ አያሳዝናችሁ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ስልክ ብቻውን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቅ ሰው የለም፤ ኡኖን ግን አንድ ትጉህ ተማሪ ክረምቱን ቢሰጠው አብጠርጥሮ ሊያውቀው ይችላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ያሉት አባቶቻችን ለዚህም ይሆናል።

አሁን አንድ ሥራ ልውሰድና በዝርዝር ልንገራችሁ። በቅርብ የማውቃቸው ወጣቶች ቢሾፍቱ አካባቢ ለሚገኙ አንዲት ዶሮ አርቢ፣ የጫጩት ቤቱ ሙቀት ሲወርድ በስልክ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ሠርተዋል። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ እየተቀነሰለት ይሄዳል። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ከቆመ ጫጩቶቹ ሙቀት ፍለጋ እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ ከሥር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። ሴትዮዋ ጠዋት በሩን ሲከፍቱ የሚያዩትን ማሰብ አያስቸግርም።

ልጆቹ መጀመሪያ የያዙት ከጀማሪ ዕቃዎች ጋር የሚመጣውን ዲኤችቲ11 የተባለ የሙቀት ሴንሰር (መለኪያ) ነበር። የዚህ ሴንሰር ስሕተት ወደ ላይም ወደ ታችም 2 ዲግሪ ይደርሳል። ክፍላችሁ ሞቃት ነው ቀዝቃዛ ለማለት ይበቃል፤ 30 እና 32 የሕይወትና የሞት ልዩነት በሚሆንበት ቤት ግን አይሆንም። ስለዚህ ወደ ዲኤስ18ቢ20 ተሻገሩ፤ እሱ በዚህ የሙቀት ክልል ውስጥ ስሕተቱ ግማሽ ዲግሪ ነው። ይህን ሴንሰር አስመስሎ የተሠራ ገበያው ውስጥ ስለሚበዛ መፈተን ግዴታ ነው። በረዶ የተቀላቀለበት ውኃ ውስጥ ሲነክሩት ዜሮ አካባቢ አሳየ። የሚፈላ ውኃ ውስጥ ሲነክሩት ግን 92 ላይ ቆመ፤ ከልጆቹ አንዱ "ይህ የተበላሸ ነው" ብሎ ወደ ሱቁ ሊመልሰው ተነሣ። ሴንሰሩ ግን ትክክል ነበር። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ወለል ላይ ነው፤ ሙከራው የተደረገው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ስለሆነ ውኃው በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህን የትም አገር የተዘጋጀ ቪዲዮ አይነግራችሁም፤ ቪዲዮውን የሠራው ሰው የሚኖረው ቆላ ላይ ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛው ችግር ከሁሉም ብዙ ያስተማራቸው ነው። መልእክት ለመላክ ሲም800ኤል የተባለውን፣ ሲም ካርድ የሚገባበትን ትንሽ ሰሌዳ ገዙ። ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ሊያገኝ ሲል ይጠፋና እንደገና ይጀምራል። ሌሊቱን ኮዱን ሲለዋውጡ አደሩ። ኮዱ ንጹሕ ነበር። ድሮ ሬዲዮ ወይም ቴፕ አጠገብ የተቀመጠ ስልክ ሊጠራ ሲል ድምፅ ማጉያው ትር-ትር-ትር የሚለውን ታስታውሱ ይሆን? ያ ድምፅ የሁለተኛው ትውልድ ስልክ አስተላላፊ በየ4.6 ሚሊሰከንዱ አንዴ ሞገድ ሲተኩስ የሚሰማ ነው። እያንዳንዱ ተኩስ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ይቆያል፤ በዚያች ቅጽበት ግን ሰሌዳው እስከ 2 አምፔር ይስባል። ልጆቹ ኤሌክትሪኩን የወሰዱት ከኮምፒውተር ዩኤስቢ ነው፤ የተለመደው ዩኤስቢ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ነው። በቀጫጭኖቹ ጃምፐር ሽቦዎች ላይም ቮልቴጁ ይወርዳል። የኤሌክትሪክ መለኪያው መልቲሜትር ግን አማካዩን ስለሚያሳይ "ሁሉም ደህና ነው" ይላል። ወፍራምና አጭር ሽቦ አደረጉ፣ ከሰሌዳው ሥር 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገቡ፣ የኤሌክትሪክ ምንጩንም ባለ 3.7 ቮልት ሊቲየም ባትሪ አደረጉት። ሲም800ኤል የሚፈልገው ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ስለሆነ ባትሪው በልኩ የተሰፋለት ያህል ነው፤ መብራት ሲጠፋም መሣሪያው አብሮ አይጠፋም። አንድ ነገር ሥራ ሲያስጀምሩት የሚሞት ከሆነ ከኮዱ በፊት የኤሌክትሪክ ምንጩን መርምሩ። ይህን ምክር አጥብቃችሁ ያዙልኝ።

መሣሪያው ሠራ፤ ሌሊት ሙቀቱ ሲወርድ አጭር መልእክት ላከ። አርቢዋ ግን፣ "ልጆቼ፣ መልእክት እኮ ከእንቅልፌ አይቀሰቅሰኝም፤ ለምን አይደውልልኝም?" አሉ። ምን ያህል ትክክል ነበሩ! ሲም800ኤል መደወልም ይችላል፤ ለዚያውም ካልተነሣ ክፍያ የለውም። ከመሐንዲሶቹ አንዳቸውም ያላሰቡትን መፍትሔ የሰጡት ቤቱ ውስጥ የሚያድሩት ሰው ናቸው። ቦርድ ከመግዛታችሁ በፊት ከተጠቃሚው ጋር አንድ ሌሊት እደሩ የምለው ለዚህ ነው።

መልእክቱን ለማታ ሪፖርት አስቀሩት፤ በየቀኑ ምሽት የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት በአማርኛ ይልካል። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ቁምፊ ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ነው፤ ስለዚህ ቃላት ቆጥበው ጻፉ። ይህ መልእክት ሌላም ጥቅም አለው። የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ዝም ሲል ሁለት ትርጉም አለው፤ ወይ ሁሉም ሰላም ነው፣ ወይ መሣሪያው ራሱ ሞቷል። ምሽት መልእክቱ ካልመጣ ሴትዮዋ ሄደው ያዩታል። እ.ኤ.አ. በ1999 አንዲ ስታንፎርድ-ክላርክና አርለን ኒፐር ኤምኪውቲቲ የተባለውን የመልእክት ሥርዓት ሲነድፉም ይህን አስበውበታል። ሥርዓቱ የተሠራው በሳተላይት ለሚከታተሉት የነዳጅ ቧንቧ ስለነበር ግንኙነቱ ውድና ደካማ ነው፤ መሣሪያው ድንገት ከተቋረጠ መልእክት አቀባዩ ኮምፒውተር በእሱ ስም የሚያስተላልፈው የኑዛዜ መልእክት አስቀድሞ ያስቀምጣል። ወደ ኢንተርኔት ስትሸጋገሩ ተማሩት፤ ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት አገር የተሰፋ ነው ማለት ይቻላል።

የዶሮ ቤት አየር አሞኒያና አቧራ የሞላበት ነው፤ የመዳብ ጫፎች በጊዜ ብዛት አረንጓዴ ይሆናሉ። ስለዚህ ውስጥ የሚገባው የሴንሰሩ ጫፍ ብቻ ይሁን፤ ቦርዱ በረጅም ገመድ ከውጭ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። የአፈር እርጥበት ለምትለኩም ይኸው ነው፦ ሁለት የተራቆቱ ጥርሶች ያሉትን ርካሽ ዓይነት ኤሌክትሪኩ ራሱ እያሟሟ ይበላዋል፤ ብረቱ በሽፋን የተከለለውን ካፓሲቲቭ የሚባለውን ዓይነት ፈልጉ።

ስለ 220 ቮልት ቀልድ የለም። ቦርዱ የሚሠራው በ5 ወይም በ3.3 ቮልት ስለሆነ ሰው ይዘናጋል። ፓምፕ ወይም ማሞቂያ በሪሌ (በቦርዱ በሚታዘዝ ማብሪያና ማጥፊያ) ልታበሩ ስትፈልጉ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ የሚነካውን ክፍል ፈቃድ ላለው ባለሙያ ስጡ፤ ፊውዝና የመሬት መስመር ሳይኖር ምንም አታገናኙ። ቤተሰብ ልጁን ለሠርቶ ማሳያ እንዲያጣ አልፈልግም።

ገንዘብ አጥሯችሁ ምን ልግዛ ለምትሉኝ፦ ከሁለተኛው ቦርድ በፊት መልቲሜትር ግዙ። ቀጥሎ የኦም ሕግን፣ ማለትም ቮልቴጅ ለመቋቋም ሲካፈል የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ ይሰጣል የሚለውን፣ በእጃችሁ ፈትኑ። 5 ቮልት፣ 2 ቮልት የሚወስድ ኤልኢዲ የተባለ ትንሽ ቀይ መብራት፣ 220 ኦም ሬዚስተር፤ 14 ሚሊአምፔር አካባቢ መፍሰስ አለበት። አስሉት፣ ለኩት፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ይህን ያላደረገ ሰው ከሌላ ሰው ኮድ እየገለበጠ ሩቅ የሄደ ይመስለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ ኩባንያ ኢኤስፒ8266 የተባለውን ርካሽ የዋይፋይ ቺፕ ሲያወጣ መመሪያው በቻይንኛ ነበር። ማንም ያላዘዛቸው ሞካሪዎች በየአገሩ ሆነው ተረጎሙት፣ መሣሪያ ሠሩለት፣ ያገኙትንም በነፃ አካፈሉ። ዛሬ ተተኪውን ኢኤስፒ32ን በቀላሉ የምታንቀሳቅሱት በእነሱ ድካም ጭምር ነው። እናንተም የሠራችሁትን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ጻፉት፤ ያልሠራላችሁንም ጨምራችሁ። ኮዳችሁን ይፋ ስታደርጉ የዋይፋይ የይለፍ ቃላችሁን ከውስጡ አውጡ፤ ይህን የሚረሳው ብዙ ነው።

በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ የሰርኪዩቱን ንድፍ፣ የእያንዳንዱን ሽቦ ቀለም ትርጉም፣ የባትሪውን ዓይነትና የተተከለበትን ቀን የያዘ ወረቀት ለጥፉ። አንድ ትርፍ ሴንሰርም አብራችሁ ተዉ። ከመመለሳችሁ በፊት ቤቱን የሚጠብቀው ሰው ባትሪውን በራሱ እጅ አውጥቶ ይክተት፣ ሴንሰሩን ይቀይር፣ ማስጠንቀቂያውን ይፈትን፤ እናንተ ራቅ ብላችሁ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። የሚቆምበት ቦታ ካለ እሱን አታርሙት፤ ወረቀቱን አርማችሁ እንደገና ይሞክር።

በርቱልኝ።