የሆነውን ጻፉት

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ተመርቃችሁ ሳይት ለወጣችሁ ወጣት መሐንዲሶች ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት የዋሻ ቁፋሮ ላይ ነው። የማወጋችሁ ግን የሩቅ አገር ታሪክ ነው። ቀኖቹም ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኒውካስል አጠገብ ፌሊንግ የሚባል ቦታ አለ። ግንቦት 25 ቀን 1812 ከቀትር በፊት የድንጋይ ከሰል ጉድጓዱ ፈነዳ። ከሰል ሲቆፈር ሚቴን ጋዝ ይወጣል። ከአየር ጋር ከመቶ አምስት እስከ አሥራ አምስት እጅ ከተቀላቀለ አንድ የሻማ ነበልባል ይበቃዋል። ያኔ ደግሞ ብዙ ቦታ የሚሠራው በሻማ ነበር።

32 ሰዎች በሕይወት ወጡ፤ ሦስቱ ወዲያው ሞቱ። በጠቅላላው 92 ሰው አለቀ። ትንሹ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። አዎ፣ ስምንት። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው የአየር መተላለፊያ በር የሚከፍቱና የሚዘጉ ሕፃናት ነበሩ።

ከታች እሳት ስለነበር ጉድጓዱን አፉን ዘጉት። አየር ሲያጣ እሳቱ ይሞታል ብለው ነው፤ በሙያው ካየነው ልክ ናቸው። እናቶቹ ግን ልጆቻችንን ከነሕይወታቸው ቀበራችሁብን አሉ። ጉድጓዱ የተከፈተው ሐምሌ ወር ውስጥ ነው። እነዚያ እናቶች እርማቸውን ሳያወጡ ስድስት ሳምንት ቆዩ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

የአካባቢው ቄስ ጆን ሆጅሰን ይባላሉ። ሟቾቹን የቀበሩት እሳቸው ናቸው። የጉድጓዶቹ ባለቤቶች እንዲህ ያለ ነገር በየጋዜጣው እንዲወራ አይወዱም ነበር። ቄሱ ግን ቀብረው ዝም አላሉም። አደጋው እንዴት እንደደረሰ፣ አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ የሟቾቹን ስምና ዕድሜ ሳይቀር ጽፈው፣ የጉድጓዱን ካርታ ጨምረው አሳተሙ። መሐንዲስ አልነበሩም። እኔ ግን ካነበብኳቸው የአደጋ ሪፖርቶች ሁሉ የሳቸውን አስበልጣለሁ።

ጽሑፉ ሰው ቀሰቀሰ። በ1813 ሰንደርላንድ ላይ አደጋ የሚከላከል ማኅበር ተቋቋመ። በ1815 ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ ነበልባሉን በብረት ወንፊት የሸፈነ ፋኖስ ሠራ። ወንፊቱ ሙቀቱን ስለሚበትነው እሳቱ ወደ ውጭው ጋዝ አያልፍም። መሐንዲሱ ጆርጅ ስቲቨንሰንም በዚያው ዓመት የራሱን ሠራ።

ታዲያ አደጋው ቆመ? አልቆመም። ፋኖስ ተገኘ ተብሎ ጋዝ የበዛባቸው ጉድጓዶች ተከፈቱ። ወንፊቱ ይዝጋል፣ ይቀደዳል። በ1844 እዚያው እንግሊዝ ሃስዌል በሚባል የከሰል ጉድጓድ 95 ሰው ሞተ። መንግሥት ሁለት ሳይንቲስቶችን፣ ማይክል ፋራዳይንና ቻርልስ ላይልን፣ ላከ። እነሱም የከሰሉ ብናኝ ራሱ ፍንዳታውን እንደሚያባብስ ጻፉ። በደንብ የሰማቸው ግን አልነበረም። ጉዳዩ ተቀባይነት እስኪያገኝ አሥርት ዓመታት አለፉ፤ በመሃል ስንት ሰው ረገፈ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ የምሠራበት ዋሻ ውስጥ አንድ ማታ የአየር ማናፈሻው ቆመ። የማሽን ጭስ ታፈነ። ሦስት ሠራተኞች አዞራቸው፤ ወጥተው ውሃ ጠጡ፣ ተሻላቸው። ፎርማኑ «ማንም አልሞተም፣ ምን ያስጽፋል?» አለኝ። እውነት መስሎኝ መዝገቡ ላይ «ደህና» ብዬ ፈረምኩ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ያው ማናፈሻ የሌሊቱ ተረኞች ላይ ቆመ። አንዱ ልጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የጭሱ መርዝ ጎድቶት ሥራ ሳይመለስ ቀረ። ሆስፒታል ስሄድ እናቱ «አንተ አታውቅም ነበር ወይ ልጄ?» አለችኝ። አውቅ ነበር።

ስለዚህ ማንም ሳይጎዳ ያለፈውን ነገር ጻፉት። ሰዓቱን፣ የማሽኑን ቁጥር፣ ማን የት ቆሞ እንደነበር። አለቃ ቢቆጣ ይቆጣ፣ ያልፋል። የቀን ሠራተኛውንም በሙሉ ስሙ መዝግቡት፤ «አምስት ሰው ገባ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ።

ይህን የምለው እንግሊዝ ውስጥ በርንስሊ አጠገብ በነበረው ኦክስ በሚባለው የከሰል ጉድጓድ የሆነውን ስለማውቅ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1866 ፈነዳ። በማግስቱ ሌሎችን ለማውጣት ከገቡት 27ቱ በሁለተኛው ፍንዳታ አለቁ። ሟቾቹ በጠቅላላው 361 ናቸው ተብሎ ተመዘገበ። ከ150 ዓመት በኋላ ታሪካቸውን የሚፈልጉ ሰዎች መዛግብቱን ሲያገላብጡ ቁጥሩ 383 ደረሰ። ሃያ ሁለት ሰው ያን ሁሉ ዘመን ከቁጥሩ ውጭ ነበር።