ጥያቄና መልስ፦ የከተማ ፖሊስና የእሳት አደጋ ኃላፊዎች የደመወዝ ድርድር

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በአሜሪካ የከተማ አስተዳደር ውስጥ 19 ዓመት በአስተዳደሩ ወገን ሆኜ ተደራድሬያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከፊቴ የሚቀመጡት የፖሊስ፣ የእሳት አደጋና የአስቸኳይ ጥሪ ማዕከል ኃላፊዎች ነበሩ። ተራ አባላት አይደሉም፣ ዋና አዛዦችም አይደሉም። መሃል ላይ ያሉት ናቸው። የቻልኩትን እመልሳለሁ። ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ፐርሰንቱን ብቻ አትዩ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚከፈልና መሠረታዊ ደመወዝ ላይ መግባት አለመግባቱን እዩ።

ዝምተኛው አንባቢ፦ ሰላም ጋሼ። ጭማሪው አብዛኛውን ጊዜ ስንት ነው?

መላሽ፦ የየትኛው ከተማ? የየትኛው ዓመት? ለማን? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለውም።

አዲስ ኃላፊ፦ ከሁለት ወር በፊት የእሳት አደጋ ፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ። ማዕረጌ ከፍ አለ፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚደርሰኝ ግን ካለፈው ዓመት ሊያንስ ነው። ስህተት ተሠርቶብኝ ነው?

መላሽ፦ ስህተት አይደለም፤ የዚህ ሥራ ዋናው በሽታ ነው። ቁጥሩን ላሳይህ። የበታችህ መሠረታዊ ደመወዝ 100 ነው እንበል፣ የአንተ 120። እሱ ትርፍ ሰዓት ሠርቶ 30 ያገኛል። እሱ 130 ሆነ፣ አንተ ትርፍ ሰዓት ስለማይከፈልህ 120 ላይ ቀረህ። ልዩነቱ 10 ነው። አሁን ከተማው ለሁለታችሁም እኩል 4 ፐርሰንት ጨመረ። እሱ 135.2 ሲሆን አንተ 124.8 ትሆናለህ። ልዩነቱ 10.4 ደረሰ። እኩል ፐርሰንት ጉድጓዱን አልደፈነውም፣ አሰፋው እንጂ! ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ምሽት ድርድሩ ተጣብቆ ሁላችንም ደክሞን ሳለ፣ አንድ የፈረቃ ኃላፊ ከኪሱ ሁለት የደመወዝ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። አንዱ ሳይሾም የተከፈለው፣ ሌላው ከተሾመ በኋላ የተከፈለው። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የትርፍ ሰዓቱን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል። በሁለተኛው ላይ መስመሩ ራሱ የለም። «ለልጄ ሹመት ጥሩ ነገር ነው ብዬ ነበር» አለ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም። የእኛ የበጀት ኃላፊ ወረቀቶቹን አንስታ ሁለት ጊዜ አየቻቸው። በማግስቱ ስንገናኝ ስለ ፐርሰንት ማውራት ትተን በኃላፊውና በበታቹ ደመወዝ መካከል ስላለው ርቀት ማውራት ጀመርን። እናንተም የኃላፊው ደመወዝ ከበታቹ ከፍተኛ እርከን በዚህን ያህል መብለጥ አለበት ብላችሁ በስምምነቱ ውስጥ አስገቡት። የታችኛው ሲጨምር የላይኛው ራሱ ይከተላል። ይህ አንድ መስመር የሁለት ዓመት ጭቅጭቅ ያድናል።

ግብር ከፋዩ፦ ይቅርታ ግን፣ አለቆች ለምን ይጨመርላቸዋል? መንገዱ እንደተቆፋፈረ ነው። መጀመሪያ ለታችኛው ሠራተኛ!

የሌሊት ፈረቃ፦ ወንድሜ፣ አንተ ተኝተህ ሳለ በሌሊት ስልክ ሲደወል ማን እንደሚነሳ ታውቃለህ? ስንት መኪና ይውጣ፣ ማን ይግባ፣ ማን ይቆይ ብሎ የሚወስነው ያ አለቃ የምትለው ሰው ነው።

ግብር ከፋዩ፦ ሥራቸውን አልናቅሁም። ደመወዝ እንደማያንሳቸው ግን አውቃለሁ። የሚከፈለውም ከእኔ ኪስ ነው።

የሌሊት ፈረቃ፦ ካልተጨመረላቸው እኮ ሥራ ያቆማሉ። ያኔ ምን ትላለህ?

መላሽ፦ ቆይ ቆይ። ሥራ ማቆም የሚባለውን እዚህ ላይ እንዝጋው። በቦስተን እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1919 (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከ1,100 በላይ ፖሊሶች ሥራ አቆሙ። ማኅበር ማቋቋም ስለተከለከሉ ነበር። ከተማው ተዘረፈ፣ ሰው ሞተ፣ ሥራ ያቆሙትም በሙሉ ተባረሩ። በቦታቸው ለተቀጠሩት አዲሶች ግን የተሻለ ደመወዝ ተሰጣቸው። የተባረሩት የጠየቁትን ሌላው በላው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የፖሊስ ማኅበር የሚለው ስም ራሱ ሰው ያስደነግጥ ነበር። ዛሬ በብዙ ግዛቶች ፖሊስና እሳት አደጋ ሥራ እንዳያቆሙ ተከልክለው፣ በምትኩ ካልተስማሙ ወደ ግልግል ዳኛ ይሄዳሉ። በፔንስልቬንያ የ1968ቱ ሕግ የግልግል ዳኛው ውሳኔ ሁለቱንም ወገን እንዲያስር አድርጓል። በኒውዮርክ የ1967ቱ ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራ ካቆመ ለእያንዳንዱ ቀን የሁለት ቀን ደመወዝ ያስቀጣዋል። ስለዚህ «ሥራ ያቆማሉ» እያላችሁ አታስፈራሩ።

ግብር ከፋዩም ያነሳው ነገር ከንቱ አይደለም። በካሊፎርኒያ የቫሌሆ ከተማ በ2008 ለኪሳራ ጥበቃ አመልክታለች፤ የበጀቷ ትልቁ ክፍል ለፖሊስና ለእሳት አደጋ የሚወጣ ነበር። ገንዘቡ ማለቂያ የለውም ብሎ የሚደራደር ማኅበር በመጨረሻ የራሱን አባላት ይጎዳል። አስተዳደሩም በጀቱን ደብቆ «የለንም» ካለ ቀጥሎ ማንም አያምነውም።

የበጀት ሰው፦ እዚህ ላይ ልጨምር። 4 ፐርሰንት ሲባል ለከተማው 4 ፐርሰንት ብቻ አይደለም። የጡረታ መዋጮውም የሚሰላው ከደመወዙ ላይ ስለሆነ አብሮ ያድጋል።

መላሽ፦ ልክ ነህ።

ተማሪ፦ ኃላፊዎች ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ? አለቃ እንዴት ማኅበር ይኖረዋል?

መላሽ፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ። የ1935ቱ የአሜሪካ የፌዴራል የሠራተኛ ማኅበር ሕግ የግል ድርጅት ሠራተኞችን እንጂ የከተማ ሠራተኞችን አይመለከትም። ስለዚህ የሚወስነው እያንዳንዱ ግዛት ነው። በካሊፎርኒያ የ1968ቱ ሕግ ኃላፊዎችም እንዲደራጁ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የሌሎች ሠራተኞችን ማኅበር ወክለው እንዳይደራደሩ ሊከለከሉ ይችላሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ አንድ ሰው በጠረጴዛው ሁለቱም በኩል ሊቀመጥ አይችልም። በዓለም አቀፍ ደረጃም የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 151ኛው ስምምነት፣ የ1978ቱ ማለት ነው፣ ከፍተኛ ኃላፊዎችንና ፖሊስን በተመለከተ ውሳኔውን ለየአገሩ ሕግ ትቶታል። ስለዚህ «ይቻላል?» ብላችሁ በጥቅሉ አትጠይቁ። የት እንደሆነ ተናገሩ።

አዲስ ኃላፊ፦ ጋሼ፣ ትርፍ ሰዓት እንደማይከፈለኝ ነግረውኛል። ግን እሳት ጋ እገባለሁ እኮ፣ ቱቦ እይዛለሁ።

መላሽ፦ እንግዲያው ዝም አትበል! የትርፍ ሰዓት ሕጉ የ1938 ነው። በ2004 በወጣው ደንብ ዋና ሥራው እሳት ማጥፋት፣ ወንጀል መከላከል ወይም ሰው ማዳን የሆነ ሰው ማዕረጉም ሆነ ደመወዙ ምንም ቢሆን ትርፍ ሰዓት ሊከለከል እንደማይችል በግልጽ ተጽፏል። ትርፍ ሰዓት የሚቀርበት ዋና ሥራው በእውነት ማስተዳደር የሆነ ሰው ነው። የሚታየው መጠሪያው ሳይሆን ሥራው ነው። አልፎ አልፎ መግባት ብቻውን ግን አይበቃም። የአንድ ወር ሥራህን በየቀኑ ጻፍ፣ ከዚያ ጠበቃ ጋር ሂድ።

ሌላ አባል፦ የእኛ ከተማ በሦስት ዓመት 4፣ 3 እና 3 ፐርሰንት ሰጠ። 10 ፐርሰንት አይደል?

መላሽ፦ ትንሽ ይበልጣል፣ 10.33 ነው፣ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚሰላ። ግን ከመቼ ጀምሮ? የመጀመሪያው 4 ከበጀት ዓመቱ አጋማሽ ከጀመረ በዚያ ዓመት በእጅህ የሚገባው 2 ብቻ ነው። ደግሞ አንብብ፣ የጡረታ መዋጮህ በዚያው ስምምነት የደመወዝህን 2 ፐርሰንት ያህል ከፍ ብሎ ከሆነ ያ 2ም አለቀ። ጋዜጣው 4 ይላል፣ ኪስህ ባዶ ነው።

ዝምተኛው አንባቢ፦ አንዴ የሚሰጥ ጉርሻ ይሻላል ወይስ ጭማሪ? ጉርሻው ወዲያው እጅ ይገባል።

መላሽ፦ መጀመሪያ የተናገርኩትን አላነበብክም ማለት ነው። መሠረታዊ ደመወዝ! የአንድ ጊዜ 4 ፐርሰንት ዛሬ ተበልቶ ያልቃል። መሠረታዊው ላይ የገባ 4 ፐርሰንት ግን በአሥር ዓመት የዛሬ ደመወዝህን 40 ፐርሰንት ያህላል፣ የሚቀጥሉትን ጭማሪዎች ሳንቆጥር። ጡረታህም ከሱ ይሰላል። ከተማው ጉርሻ የሚወደው በዚሁ ምክንያት ነው። እኔም በአስተዳደሩ ወገን ሆኜ ብዙ ጊዜ ጉርሻ አቅርቤያለሁ። ሰው ቶሎ ይፈርማል።

ሌላ አባል፦ ጉርሻውን ተቀብዬ ምን ላይ ላውለው?

መላሽ፦ ይህ የእኔ ሙያ አይደለም።

የሌሊት ፈረቃ፦ እሺ፣ ጭማሪው ግን በጠቅላላው ስንት ቢሆን ጥሩ ነው ይላሉ?

መላሽ፦ እንደገና! ቁጥር አልሰጥም። ከበታቾቻችሁ ጋር ያለውን ርቀት ለኩ፣ ከጎረቤት ከተሞች ጋር አወዳድሩ፣ ስንት የኃላፊ ቦታ ክፍት ሆኖ አመልካች እንዳጣ ቁጠሩ። ድርድር ላይ ምክር ቤቱን የሚያሳምነው የመጨረሻው ነው። ፈተናውን አልፎ ሹመቱን እምቢ ያለ ሰው ካለ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ይዛችሁ ቅረቡ።

ጡረታ የቀረበው፦ ጋሼ፣ የእኛ ስምምነት ከሰባት ወር በፊት አልቋል። አዲሱ ገና አልጸደቀም፣ ምክር ቤቱ በሚቀጥለው ወር ድምፅ ይሰጣል። ውዝፉ ወደኋላ ተቆጥሮ ይከፈላል ተብሏል። እኔ ጡረታ የምወጣው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ውዝፉ ይደርሰኛል?

መላሽ፦ ወንድሜ፣ ረቂቁን ዛሬውኑ አግኝ። ስለ ውዝፍ የሚናገረው አንቀጽ ላይ «ስምምነቱ በሚጸድቅበት ቀን በሥራ ላይ ለሚገኙ» የሚል ቃል ካለ ሰባት ወር የሠራህበት ይቀርብሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ሆኖ ቀርቷል። ከሌለ ችግር የለም። ካለ ግን ሁለት መንገድ አለህ። ወይ ማኅበሩ ከድምፁ በፊት ያቺን ሐረግ እንዲያስቀይርልህ ትጠይቃለህ፣ ወይ የጡረታ ቀንህን ከምክር ቤቱ ውሳኔ በኋላ ታደርጋለህ። የጡረታ ቅጹን ፈርመሃል?

ጡረታ የቀረበው፦ ገና ነኝ። ነገ ልፈርም ነበር።

መላሽ፦ አትፈርም። መጀመሪያ አንቀጹን ላክልኝ።