ለሕፃናት አመጋገብ ጥናት ገንዘብ የተፈቀደላቸው እኅታችን ላቀረቡት ጥያቄ

እኅቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት አመጋገብና መቀንጨር (ቁመት ለዕድሜ ማጠር) ላይ ያቀረቡትን ንድፈ ጥናት ዩኒቨርሲቲው አጽድቆልዎታል፤ የመጀመሪያው ክፍያ በየካቲት ስለሚለቀቅ ወዲያው በምሥራቅ ጎጃም ወዳለው ስናን ወረዳ ለመውጣት አስበዋል፤ ከምን መጠንቀቅ እንዳለብዎትም ጠይቀዋል። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው በጮቄ ተራራ ግርጌ፣ በዚያው ርእስ፣ በዚያው ወር ወጥቼ ነበርና የእርስዎ ነገር የራሴ ሆኖ ታየኝ። ስለ ናሙና አወሳሰድ፣ ስለ ሥነ ምግባር ፈቃድ፣ ከዞን ጤና መምሪያ እስከ ቀበሌ ስለሚወርደው የትብብር ደብዳቤ አልነግርዎትም፤ እሱን ያውቁታል።

አንደኛ፣ በየካቲት አይውጡ። እኔ ገንዘቡ በተለቀቀ በሳምንቱ መረጃ ሰብሳቢዎቼን ይዤ ወጣሁ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር፤ ሕፃን አይጾምም ብዬ ግን አልተጨነቅሁበትም። በመጠይቃችን እናቶች ልጆቻቸው ባለፉት 24 ሰዓታት የበሉትንና የጠጡትን ይዘረዝራሉ፤ እኛም ከስምንቱ የምግብ ምድቦች ቢያንስ አምስቱ ለልጁ መድረሳቸውን እናያለን። በአራተኛው ቀን ማታ ቅጾቹን ሳገላብጥ የወተት፣ የእንቁላልና የሥጋ ረድፎች ከላይ እስከ ታች «የለም» በሚል ተሞልተው አገኘኋቸው። በማግሥቱ አንዲት እናት ቤት ገብቼ ምክንያቱን ስጠይቃት ምድጃው ላይ የተጣደውን ድስት አሳየችኝና «ያለችኝ ይቺው ናት፤ ለልጁ እንቁላል ብጠብስባት የኛን የጾም ወጥ በምን ልሥራው?» አለችኝ። እንቁላል ጣይዋ ዶሮ ደጃፉ ላይ ትጭር ነበር። ልጁ የበላው እንጀራ በሽሮ ነው።

ይህን ሰምቼ እንኳ ሥራውን አላቆምሁም፤ ትልቁ ስሕተቴ እሱ ነው። መመለሱ ውርደት መስሎኝ ሁሉንም መጠይቅ በጾሙ ውስጥ ጨረስሁት። ሪፖርቱን ሳቀርብ አንድ ገምጋሚ «ይህ የሕፃናቱ አመጋገብ ነው ወይስ የ55ቱ ቀን አመጋገብ?» ብለው ጠየቁኝ፤ የምመልሰው አልነበረኝም፤ ጥያቄያቸው ትክክል ነበርና። ከፋሲካ በኋላ በራሴ ደመወዝ ሁለተኛ ዙር ወጣሁ። ያ ሁለተኛ ዙር ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር የጥናቱ ዋና ጉልበት ሆነ፤ ዛሬ በአካባቢው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጾም ወቅት ለሕፃን የተለየች ትንሽ ድስት ማስቀመጥን ሲያስተምሩ ስሰማ በድካሜ እኮራለሁ። ይሁን እንጂ ከመነሻው በዕቅድ ቢሆን ኖሮ ወጪው የእኔ ባልሆነም ነበር። ስለዚህ የካቲትንና መጋቢትን ለሥልጠና፣ ለመጠይቅ ሙከራና ለመለኪያ ዕቃ ግዥ ያውሏቸው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ የሰኔ ጾም ሳይገባና ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው መረጃዎን ይሰብስቡ። ጾሙንም ማጥናት ከፈለጉ ሁለቱን ዙሮች ከአሁኑ በበጀትዎ ውስጥ ያስገቧቸው።

ሁለተኛው የገንዘቡ ነገር ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 እንደሚያበቃ ያውቃሉ፤ እኔ ያላወቅሁት ቅድሚያ ክፍያው በስሜ እንደ ዕዳ ተመዝግቦ እንደሚቆይ ነው። ከመኪና መንገድ ወጥተን በእግር የምንሄድባቸው ቀበሌዎች ነበሩ፤ የመለኪያ ሰሌዳውንና ሚዛኑን የጫንነው በበቅሎ ነው። የበቅሎ ባለቤት ደረሰኝ የለውም። ገበሬዎቹ በጣታቸው ፈርመው የተቀበሉበትን ወረቀት ይዤ ሒሳብ ላወራርድ ብሄድ፣ የሒሳብ ሠራተኛው ወረቀቱን ሳያነብ በጠረጴዛው ላይ ወደኔ ገፋውና «በቅሎ የሚባል የወጪ መደብ የለንም» አለኝ። አምስት ጊዜ ተመላለስሁ። አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት በሩ ላይ አቁሞኝ እሱ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። በመጨረሻ ያልተወራረደው ከደመወዜ በሦስት ወር ተቆረጠ። ለሕዝብ ጤና የወጣ ሰው እንደ ሌባ የሚታይበትን ያን ክፍል እስከ ዛሬ ሳልፈው ይከፋኛል። እርስዎ ከመውጣትዎ በፊት «የጭነት ከብት ኪራይ» የሚል መስመር በበጀትዎ ያስጽፉ፤ የቀን ዋጋውን ቀበሌው በማኅተም አረጋግጦ እንዲጽፍልዎት ያድርጉ፤ ሒሳቡንም ሰኔን ሳይጠብቁ በየሳምንቱ ያወራርዱ።

ልኬቱን በተመለከተ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ተኝቶ እንደሚለካ ለመረጃ ሰብሳቢዎችዎ ደጋግመው ይንገሯቸው፤ ተኝቶና ቆሞ የሚለካው ርዝመት በግምት 0.7 ሴንቲ ሜትር ይለያያል፤ ለአንድ ልጅም ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እኛ ግን ከዚህ የባሰ ገጠመን። በሁለተኛው ቤት ሰሌዳውን መሬት ላይ ስንዘረጋው አንዲት አያት ልጁን ከእናቱ እጅ ነጥቀው ጓዳ ገቡ። «ተኝቶ የሚለካ ሬሳ ነው፤ ለሣጥን ነው» አሉ። እውነትም ሰሌዳው እንጨት ነው፤ የልጅ ሣጥን ይመስላል። ወሬው ከኛ ቀድሞ መንደሩን አዳረሰው፤ በዚያ ቀን የለካነው አንድም ልጅ አልነበረም። በማግሥቱ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የራሷን ልጅ ይዛ መጣች፤ ነጠላዋን ሰሌዳው ላይ አንጥፋ፣ እናቶቹ ተሰብስበው እያዩ ልጇን አስተኝታ ለካችው። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀና። አያቲቱም በሁለተኛው ዙር ልጁን በገዛ እጃቸው አስተኙት።

የዕድሜውም ነገር እንዲሁ ነው። መቀንጨር ቁመትን ከዕድሜ ጋር በማነጻጸር የሚሰላ ስለሆነ የአንድ ወር ስሕተት ቀንጫራውን ደኅና፣ ደኅናውን ቀንጫራ ያደርገዋል። የልደት ቀን ያልተጻፈላቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ እናትዮዋን «መቼ ተወለደ?» ቢሏት «ዐምና በአጨዳ» ትልዎታለች። የክርስትናውን ቀን ግን አትረሳውም፤ የክርስትና እናቲቱም አትረሳውም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ስለምትነሣ ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ይህን መንገድ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንዲት አዋላጅ እናት ነው፤ ልደታቸው ጤና ጣቢያ በተመዘገቡት ልጆች ላይ ሞክሬው ከጥቂቶቹ በቀር ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

«ጎጃም ጥጋብ አገር ነው፤ እዚያ ምን መቀንጨር አለ?» የሚልዎት ባልደረባም አያጡም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት በአገር ደረጃ 38 በመቶ፣ በአማራ ክልል ግን 46 በመቶ እንደ ነበሩ ይንገሩት። ጤፉና በቆሎው ከጎተራ ሞልቶ፣ እንቁላሉና ቅቤው ገበያ ወጥቶ፣ ልጁ በአንድ ዓይነት ምግብ የሚያድግበትን ቤት ስላየሁ ነው ይህን ያህል የጻፍሁልዎት።

የበቅሎ ኪራዩን ቅጽና ዕድሜ ለመጠየቅ ያዘጋጀነውን የበዓላት ዝርዝር በውስጥ መስመር እልክልዎታለሁ፤ ዝርዝሩ ለስናን የተሠራ ስለሆነ ወደ ሌላ ወረዳ ከወጡ የየደብሩን ንግሥ ቀን ይለውጡበት።