የባለቤቴ ነርቭ ይመለሳል ወይ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከሄርማታ ነው። ባለቤቴ 36 ዓመቱ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ከሦስት ወር በፊት ለአራት ቀን ተቅማጥ አሞት ተሻለው። ከ10 ቀን በኋላ ግን እግሩ ፍሬን አልረግጥ አለ። በማግስቱ ደረጃ መውጣት አቃተው፤ በአራተኛው ቀን ጭራሽ ከአልጋ መነሳት አልቻለም። ጎረቤቱ ሁሉ «መጋኛ መትቶት ነው» አለ። ሆስፒታል ስንወስደው «ጊላን ባሬ ይባላል፤ የራሱ የሰውነት መከላከያ ነርቩን አጥቅቶት ነው» አሉን። ሦስት ሳምንት ተኝቶ ወጣ። አሁን በምርኩዝ ይሄዳል። እጁ ደህና ነው፤ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ግን አይታዘዝለትም። ነጠላ ጫማው ወልቆ ሲቀር እንኳ አያውቀውም። ሌሊት ሌሊት እግሩን ይነዝረዋል። ሰው «ነርቭ አንዴ ከሞተ አይመለስም» ይለኛል። እውነት ነው? ወጌሻ ጋር ልውሰደው?

መልስ፦ እህቴ፣ የሚሉዎት ነገር እውነት አይደለም። ስለ አንጎልና ስለ ሕብለ ሰረሰር ቢሆን ኖሮ ብዙም አልከራከርም ነበር። ከዚያ ወጥተው ወደ እጅና እግር የሚወርዱት ነርቮች ግን ይጠገናሉ፤ መልሰው ያድጋሉም። ችግሩ አዝጋሚ መሆናቸው ነው።

መጀመሪያ ምን እንደደረሰበት ልንገርዎ። ሰውነታችን ጀርም ሲገባበት አንቲቦዲ የሚባል መከላከያ ይሠራል። አንቲቦዲ ጀርሙን የሚለየው በላዩ ላይ ባለው ሽፋን ነው፤ በልብሱ እንደማለት። ተቅማጥ ከሚያመጡ ጀርሞች አንዱ ካምፓይሎባክተር ይባላል። በተበከለ ውኃ፣ በጥሬ ወተት፣ በደንብ ባልበሰለ ዶሮ ይገባል። የዚህ ጀርም ሽፋን በነርቮቻችን ላይ ካለ ጋንግሊዮሳይድ ከሚባል ቅባት ጋር በጣም ይመሳሰላል። ጀርሙን ለመምታት የተሠራው አንቲቦዲ ነርቩንም ጀርም መስሎት ይለጠፍበታል። ተቅማጡ ከቆመ ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ እግር የሚዝለው ለዚህ ነው። አንቲቦዲው እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል።

አንቲቦዲው ብቻውን አይደለም የሚጎዳው። ኮምፕሊመንት የሚባሉ በደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችን ይጠራል። እነሱ የነርቩን ገለፈት ይበሱታል። ከዚያ ነጭ የደም ሴሎች መጥተው ያገኙትን ይልጣሉ። የነርቭ ሥር፣ ማለትም ከአከርካሪ የሚወጣበት ቦታ፣ እና ጫፉ ደግሞ እንደ መሐሉ በደንብ የተከለሉ አይደሉም፤ ስለዚህ ቀድመው ይመታሉ። ብዙ ታካሚዎች ገና ከመዛላቸው በፊት ወገባቸውን የሚያማቸው በዚህ የተነሳ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ጥያቄ ልምጣ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ያስቡ። ውስጡ መዳብ አለ፣ ላዩ ፕላስቲክ። ነርቭም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ አክሰን፣ ላዩ ማይሊን። የተላጠው ማይሊኑ ብቻ ከሆነ ጥገናው ፈጠን ይላል። ሽዋን የሚባሉት ሴሎች ተባዝተው አክሰኑን እንደገና ይጠቀልሉታል። አዲሱ ሽፋን ከድሮው ሳሳ ይላል፤ ሥራውን ግን ይሠራል። በሳምንታትና በጥቂት ወራት ሰውየው ሲለወጥ ይታያል።

አክሰኑ ራሱ ከተበጠሰ ነገሩ ይረዝማል። ከተበጠሰበት በታች ያለው ይሞታል፤ የሽዋን ሴሎቹ ግን ባዶውን ቱቦ ይዘው ይጠብቃሉ። አዲሱ አክሰን በዚያ ቱቦ ውስጥ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። በወር 3 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከጉልበት እስከ እግር ጣት ያለውን በማስመሪያ ይለኩትና በ3 ያካፍሉት። ከአንድ ዓመት በላይ ይመጣልዎታል። ደግነቱ ከጉዳት የተረፉት ነርቮችም ዝም ብለው አይቀመጡም። ጡንቻው ውስጥ ቅርንጫፍ እያወጡ የጎረቤታቸውን ሥራ ይሸፍናሉ።

በዚህ ሕመም ድካሙ ከእግር ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲሻል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። እጁና ጭኑ ተመልሶ እግሩ መቅረቱ የሚጠበቅ ነገር ነው። ከታመሙት 10 ሰዎች 8ቱ ያህል በስድስት ወር ውስጥ ያለ ድጋፍ ይራመዳሉ። የእርስዎ ባለቤት ገና ሦስት ወር አልሞላውም። መንዘሩም ብዙ ጊዜ የሚያገግም ነርቭ ምልክት ነው፤ እንቅልፍ ከነሳው ግን ማስታገሻ ስላለው ለሐኪሙ ይንገር።

ወጌሻውን በተመለከተ፣ እባክዎ አይውሰዱት። የተሰበረም የወለቀም አጥንት የለውም። የዛለ እግር ሲጎተትና ሲጠመዘዝ መገጣጠሚያው ይጎዳል። ስሜት የሌለው ቆዳ ደግሞ «አቃጠለኝ» አይልም። እግሩን የሚታጠብበትን ውኃ ሁልጊዜ በእርስዎ እጅ ይለኩለት። ፍም አጠገብም እግሩን አይዘርጋ።

«የነርቭ ማጠንከሪያ» እየተባለ የሚወጋው የቪታሚን መርፌም አለ። ቪታሚን ካልጎደለው አንቲቦዲ የጎዳውን ነርቭ አይጠግንለትም። ቢ6 ከመጠን በላይ ሲወሰድ እንዲያውም ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ያንን ገንዘብ ለፊዚዮቴራፒ መመላለሻ ቢያውሉት እመርጣለሁ።

ቤት ውስጥ ይህን ያሠሩት። እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ። ፎጣ በእግሩ ፊተኛ መዳፍ ላይ ያዙርና ሁለቱን ጫፍ ይዞ ወደ ራሱ ይሳብ፣ እስከ 30 ይቁጠር፣ ይልቀቅ። ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ጊዜ። ነርቩ ሲደርስ ቁርጭምጭሚቱ ደርቆ እንዳይጠብቀው ነው። መራመዱም ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይሁን። እስኪዝል መሥራት አያፈጥነውም። ጫት የሚቅም ከሆነ ለጊዜው ቢተው ደስ ይለኛል፤ ድካሙን ይሸፍንበታል፣ እንቅልፉንም ይወስድበታል። ባጃጁን ደግሞ እግሩ ፍሬን ላይ ወዲያው እስኪታዘዝ አይንካው። ቤቱ በእሱ ገቢ እንደሚኖር ይገባኛል፤ ግን ተሳፋሪ ይዞ ነው የሚነዳው።

መጋኛ ላሉት ጎረቤቶችዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ከእግር ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ድካም የመጣበት ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ። ሕመሙ የመተንፈሻ ጡንቻ ላይ ሲደርስ ሰው በመተንፈሻ ማሽን ካልተረዳ ይሞታል። ፕላዝማ የሚባለውን የደም ፈሳሽ ክፍል መቀየርም ሆነ አይቪአይጂ የተባለው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት የሚጠቅሙት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። በሽታው አይተላለፍም፤ አብሮ መብላትም መተኛትም ምንም ችግር የለውም።

ለእርስዎ ደግሞ፣ ደብተር ይግዙ። በየቀኑ «ዛሬስ?» እያሉ አይጠይቁት፤ ሁለታችሁንም ተስፋ ያስቆርጣል። በወር አንድ ቀን ብቻ ይመዝግቡ፦ ያለ ምርኩዝ ስንት እርምጃ ሄደ፣ ተረከዙን መሬት አድርጎ ጣቶቹን ምን ያህል አነሳ፣ ነጠላ ጫማው ስንት ጊዜ ወለቀ። ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ማለትም የቻለው ነገር ካቃተው ወይም እጁ መዛል ከጀመረ ቀጠሮውን አይጠብቁ። ይህን ሕመም የሚመስል፣ ከሁለት ወር በኋላም እየባሰ የሚሄድ ሌላ ዓይነት አለ። ጊላን ባሬን ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት አይረዳውም፤ ያኛውን ግን ይረዳዋል። ስለዚህ መለየቱ ግድ ነው። ደብተሩንና የሆስፒታል ወረቀቱን ይዘው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የውስጥ ደዌ ሐኪም ያሳዩት።