ጳጉሜን 6ን ለመፈተን ሰርቨር አያስፈልግም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ባለ አነስተኛ ቢሮ ውስጥ ለቁጠባና ብድር ማኅበራት የሚሆን ሶፍትዌር በጃቫ እንሠራለን። ከኮዱ ፕሮግራሙን የሚገነባልን መሣሪያ፣ ሜቨን፣ በገነባ ቁጥር ዩኒት ቴስቶቹን (የኮዱን ክፍሎች የሚፈትኑትን አጫጭር ሙከራዎች) በሙሉ ያስኬዳል። ብዙዎቹ ዳታቤዝ ስለሚነኩ ይዘገያሉ፤ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ሲዘጋ ደግሞ ግንባታው ይቆማል። በዚህ የተነሣ ባልደረቦቼ ሙከራዎቹን የሚያስዘልለውን «ስኪፕ ቴስትስ» የሚለውን ትእዛዝ ልማድ አድርገውታል። ሙከራዎቹን «ብድር»፣ «ቁጠባ»፣ «አባላት» እያልኩ በቡድን መክፈል ጀምሬአለሁ። ያዋጣል?

መልስ፦ እኅቴ፣ መክፈልሽ ደግ ነው፤ አከፋፈሉን ግን ለውጪው። «ብድር» ባልሽው ቡድን ውስጥ ዳታቤዝ የሚጠይቀውም የማይጠይቀውም ተቀላቅሎ ስለሚገኝ፣ መብራት ሲጠፋ ያው ቡድኑ ባለበት ይወድቃል። ሙከራው ስለ ብድር መሆኑን የክላሱ (ሙከራው የተጻፈበት የኮድ ክፍል) ስም ይነግርሻል። ቡድኑ ሊነግርሽ የሚገባው ሙከራው ለመሮጥ ምን እንደሚያስፈልገው ነው። ለአንቺ ሥራ «ዳታቤዝ» የሚል አንድ ታግ (በሙከራው ላይ የሚለጠፍ ምልክት) ይበቃል። ታግ ያልተለጠፈበት ሁሉ ፈጣን ነው ማለት ነው።

ከመለጠፍሽ በፊት ግን እያንዳንዱን ሙከራ ክፈቺና ዳታቤዙ በእርግጥ ያስፈልገው እንደሆነ ተመልከቺ። የወለድ ስሌትን እንውሰድ። 36,500 ብር በዓመት 10 በመቶ፣ ዓመቱ በ365 ቀን ተከፍሎ ሲታሰብ የቀኑ ወለድ 10 ብር ነው። ከጳጉሜን 1 ቀን 2015 እስከ መስከረም 1 ቀን 2016 ያለው ወለድ 60 ብር መሆን አለበት፤ ጳጉሜን በዚያ ዓመት 6 ቀን ነበረችና። በቀጣዩ ዓመት ለዚያው ጊዜ 50 ብር ይሆናል። የጃቫ መደበኛ የቀን መቁጠሪያ ጥቅል የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የሂጅራን አቆጣጠር ሲይዝ የእኛን አልያዘም። ስለዚህ ይህን ስሌት የሚሠራው የእናንተው ወይም ከሌላ የወሰዳችሁት ኮድ ነው፤ የአባላት ገንዘብም በእሱ ላይ ያርፋል። በቀን መቶ ጊዜ ሊፈተን የሚገባው ይህ ነው። ሆኖም ዋናው ገንዘብ፣ የወለዱ መጠንና ሁለት ቀኖች ብቻ የሚበቁት ስሌት፣ ክላሱ ሲጀምር ከዳታቤዝ ጋር ስለሚገናኝ ብቻ ሰርቨር ሲጠብቅ በብዙ ቦታ አያለሁ። እንዲህ ያለውን ነቅለሽ ለብቻው ክላስ አውጪው። በእኔ ግምት ከዘገምተኞቹ ሙከራዎች ጥቂት የማይባሉት እንዲህ ይፈታሉ።

ወደ ሜቨን እንምጣ። ታግ የጃቫ ሙከራዎች የሚጻፉበት ማዕቀፍ፣ የጄዩኒት 5 ነው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ። ጄዩኒት 4 ላይ ከሆናችሁ «ካቴጎሪ» የሚባለው ያንኑ ያደርጋል። ሙከራዎቹን የሚያስኬደው የሜቨን ተሰኪ፣ ሹርፋየር፣ ጄዩኒት 5ን በቀጥታ የሚያውቀው ከ2.22.0 ጀምሮ ስለሆነ መጀመሪያ ሥሪቱን አረጋግጪ። «ኤክስክሉድድ ግሩፕስ» (የሚተዉ ቡድኖች) በሚለው ቦታ «ዳታቤዝ» ብለሽ ስትሞዪ የዘወትር ግንባታችሁ ፈጣኖቹን ብቻ ያስኬዳል። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ እሴቱን በሹርፋየር ውቅር ውስጥ በቀጥታ ከጻፍሽው ከትእዛዝ መስመር ልትሽሪው አትችዪም። በፕሮጀክቱ «ፕሮፐርቲስ» ክፍል ውስጥ በራስሽ በመረጥሽው ስም አስቀምጪና በሹርፋየር ውቅር ውስጥ በዚያ ስም ጥሪው፤ «ኤክስክሉድድ ግሩፕስ» በሚለው ስም ካስቀመጥሽው ግን ቀጥለን የምናየው ፌይልሴፍም ያነበውና ዳታቤዝ የሚነኩትን ይዘላቸዋል።

ዳታቤዝ የሚነኩትን ደግሞ ለሌላው የሜቨን ሙከራ አስኬጅ ተሰኪ፣ ለፌይልሴፍ፣ ስጪያቸው። እሱ የሚፈልገው ስማቸው በ«አይቲ» (IT) የሚያልቅ ክላሶችን ነው። ሙከራ ቢወድቅም ግንባታውን ወዲያው አያቆምም፤ የከፈትሽውን ሰርቨር የምትዘጊበት ጊዜ ሰጥቶ ውጤቱን «ቬሪፋይ» በሚለው ደረጃ ላይ ይናገራል። ስለዚህ ትእዛዙ «ቬሪፋይ» ይሁን። ለደንበኛ ከመላካችሁ በፊት ይህ ሳይሮጥ አይውጣ፤ ባልደረቦችሽ በዚህ ላይ ቢያጉረመርሙም አትበገሪላቸው።

የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። የታጉን ስም አንድ ፊደል ብትስቺና በዚያ ስም ምረጥ ብትዪው፣ ሜቨን አንድም ሙከራ ሳያገኝ «ግንባታው ተሳክቷል» ይላል። «ፌይል ኢፍ ኖ ቴስትስ» (ሙከራ ከሌለ ውደቅ) የሚለውን «ትሩ» (እውነት) አድርጊው፤ ያኔ ባዶ ሩጫ እንደ ውድቀት ይቆጠራል። የታጉንም ስም በየክላሱ በእጅ አትጻፊው፤ በአንድ ቦታ እንደ ቋሚ እሴት አስቀምጠሽ ከዚያ ጥሪው።