ጠይቁን፦ ክር፣ ቀለምና ድመት በአንድ ክፍል

በዚህ ወር ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በእጅ ሥራ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ስድስቱን መርጠናል። ሁለተኛው የድመት ሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል፤ ቤቱ ድመትና የክር ቅርጫት ያለው ሰው ሁሉ ከሌሎቹ በፊት እሱን ያንብብልን።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥዕል እማራለሁ፣ ማታ ማታ ጥልፍና ዳንቴል እሠራለሁ፣ አንዲት ድመትም አለችኝ። ሁሉንም እወዳለሁ፤ ግን አንዱንም አልጨርስም። ሳምንቴን እንዴት ላድርገው? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ እህታችን፣ ሳምንቱን በሰዓት ሳይሆን በብርሃን ይክፈሉት። ቀለም መምረጥም ሆነ መቀባት የቀን ሥራ ነው። ቢጫ አምፖል ሥር ሰማያዊው ክር ወደ አረንጓዴ ይጠጋል፣ ሁለት የተለያዩ ቀዮች አንድ ይመስላሉ፤ ጠዋት ሲያዩት አንዱ ቅጠል ሁለት ዓይነት ሆኖ ይጠብቅዎታል። ስለዚህ የሳምንቱን የጥልፍ ክር እሁድ ጠዋት መስኮት ሥር ይምረጡ። በአንድ ክንድ ልክ፣ ማለትም 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ እየቆረጡ በየቀለሙ በካርቶን ቁራጭ ላይ ይጠምጥሙት። ከዚያ የረዘመ ክር በጨርቁ ውስጥ በተመላለሰ ቁጥር እየተፋቀ ይሳሳል፣ ይወሳሰባልም። እንዲህ ከተዘጋጀ ማታ የሚቀርዎ መጥለፉ ብቻ ነው። ዳንቴል ግን ጣት የሚያውቀው ሥራ ስለሆነ መብራት ሲደክምም ሲጠፋም ይሠራል።

የቅዳሜውን የሥዕል መልመጃ እሁድ ጠዋት 40 ደቂቃ ያህል ይድገሙት። አዲስ ነገር አይጨምሩበት፤ ክፍል ውስጥ የሠሩት ጀበናና ሲኒ ከሆነ እሱኑ መልሰው ይሥሩት። እስከ ረቡዕ ካቆዩት ዓይንዎ ቢያስታውሰውም እጅዎ ይረሳዋል። ረቡዕ ደግሞ 15 ደቂቃ የተኛችውን ድመት በእርሳስ ይንደፉ፦ 3 ንድፍ፣ ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ። በመጀመሪያ የጀርባዋን ትልቅ ቅስት በአንድ መስመር ያውጡ፣ ቀጥሎ ጭንቅላቷ ከዚያ ቅስት የት ላይ እንዳረፈ ምልክት ያድርጉ። ጢሟንና ዓይኗን አይንኩ። ጀማሪ በዓይንና በጢም ስለሚጀምር ነው ድመቷ በተገላበጠች ቁጥር ሥዕሉ የሚበላሽበት።

ያለመጨረሱ ጉዳይ በአንድ ደንብ ይታረማል። በእጅዎ አንድ ጥልፍና አንድ ዳንቴል ብቻ ይኑር፤ ከሁለቱ አንዱ ሳያልቅ ሦስተኛ አይጀመርም።

ጥያቄ፦ ድመቴ አንድ ክንድ የሚሆን የጥልፍ ክር ስትውጥ ደረስኩባት። ጫፉ ከአፏ ወጥቶ ስለነበር ልጎትተው ስል ጮኸች። ጎረቤቶች «ዘይት ጋቻት» አሉኝ፤ እኔ ግን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኳት። አሁን ደኅና ናት። ለምን አትጎትቺ እንደተባልኩ፣ ሌላ ጊዜስ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ብታስረዱኝ። (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ደግ አደረጉ፣ አለመጎተትዎ ነው ያተረፋት። የድመት ምላስ ላይ ያሉት ሻካራ እሾሆች ወደ ጉሮሮዋ ያዘነበሉ ናቸው። ክር አንዴ ከተያዘባቸው መትፋት አትችልም፤ ባላመጠች ቁጥር ወደ ውስጥ ይገባል። አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ይጠመጠምና ወይም ጨጓራዋ ውስጥ ይቋጠርና ሌላው ጫፍ ወደ አንጀት ይወርዳል። አንጀት ምግብ ለመግፋት ሲንቀሳቀስ ክሩ ስለማይለቅ፣ ማሰሪያው እንደተሳበ የሱሪ ወገብ በክሩ ላይ ይሸበሸባል። ይህ ከቀጠለ ቀጭኑ ክር የአንጀቱን ግድግዳ እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ጫፉን ከአፍም ከፊንጢጣም መጎተት ይህንኑ መቁረጥ በሰው እጅ መሥራት ነው።

ስለዚህ አይጎትቱ። ዘይትም ቅቤም አይጋቱ፤ የተቋጠረውን ክር አያላቅቀውም፣ ይልቁንም ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ለማስታወክም ጨው አይስጡ። ስትውጥ ካዩ ምልክት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ወዲያው ወደ ሐኪም ይውሰዷት፤ ምግብም አይስጧት። ሐኪሙ የሚፈልጋቸውን 4 ነገሮች ይዘው ይሂዱ፦ በስንት ሰዓት ዋጠችው፣ ምን ያህል ርዝመት ነው፣ ምን ዓይነት ክር ነው (ከዚያው ክር ቁራጭ ይያዙ)፣ ጫፉ ላይ መርፌ ነበረ ወይ። የመጨረሻው ትልቅ ለውጥ ያመጣል። መርፌ በራጅ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ክር ብቻውን ግን አይታይም። ራጁ ንጹሕ ሆነ ማለት ድመቷ ነጻ ናት ማለት አይደለም።

ስትውጥ ካላዩ ደግሞ እነዚህን ይከታተሉ፦ ደጋግማ ታስታውካለች፣ ምግብ ትጠላለች፣ ምራቋ ይዝረበረባል፣ አፏን በእግሯ ትነካካለች፣ ሆዷ ሲነካ ትሸሻለች፣ ጥግ ይዛ ተኮራምታ ትቀመጣለች። በዚያው ቀን ሊጀምር ይችላል፣ ሁለትና ሦስት ቀን ቆይቶም ሊመጣ ይችላል። አዋቂ ድመት አንድ ቀን ሙሉ ሳትበላ ከዋለች ቅርጫትዎን ይፈትሹ።

ለወደፊቱ ቅርጫቱ ራሱ ይቅር። ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ የብስኩት ቆርቆሮ ከማንኛውም ያማረ ቅርጫት ይሻላል። መርፌዎችዎ በቁጥር የታወቁ ይሁኑ፦ 5 ከሆኑ ሁልጊዜ 5፣ ከመኝታ በፊት ተቆጥረው። የተቆረጡ ትርፍራፊ ክሮች በጨርቁ ላይ ወይም በሶፋው ጠርዝ ላይ አይቀመጡም፤ አጠገብዎ ክዳን ያለው ባዶ የቡና ጣሳ ያስቀምጡና እዚያ ይጣሉ። ከመጥለፍዎ በፊት 10 ደቂቃ በተጨማደደ የወረቀት ኳስ ያጫውቷትና ከዚያ ያብሏት። ድመት ካደነች በኋላ ትበላለች፣ ጸጉሯን ትልሳለች፣ ትተኛለች፤ መርፌ ይዘው መቀመጥ ያለብዎ በዚያን ጊዜ ነው። በክር ግን ፈጽሞ አያጫውቷት። ክርን መጫወቻ ያደረገላት ሰው ቆርቆሮው በተከፈተ ቁጥር ይጠራታል።

ጥያቄ፦ በነጭ ጨርቅ ላይ የጠለፍኩት ቀይ አበባ ሲታጠብ ቀለሙን ለቀቀ። ጨርቁም በአበባው ዙሪያ ተጨማደደ። ኮምጣጤ ይረዳል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽሩ፣ ጨርቁ ካልደረቀ ተስፋ አለው። በፍጹም አይተኩሱት፤ የካውያው ሙቀት የፈሰሰውን ቀለም ነጩ ላይ ያትመዋል። ሰፊ ሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ይሙሉ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ፣ ጨርቁን ተዘርግቶ እንዲሰጥም ያድርጉ። ውሃው በቀላ ቁጥር ይቀይሩ፤ 10 ጊዜም ቢሆን ይቀይሩ። አያጥፉት፣ አይጭመቁት፤ ሲጠራ በፎጣ ጠቅልለው ውሃውን ያስመጥጡትና በጥላ ዘርግተው ያድርቁት። ኮምጣጤ ለሱፍና ለሐር የሚሆኑ ቀለሞችን ያሲዛል እንጂ የጥጥ ክር ላይ ይህን አይሠራም። በረኪና ደግሞ ነጩን ሲያነጣ ቀዩንም ያገረጣዋል። ሌላ ጊዜ ከመጀመርዎ በፊት ከክሩ ትንሽ ቆርጠው በሞቀ ውሃ ያርሱት፣ በነጭ አቡጄዲ ቁራጭ መካከል አድርገው ይተኩሱት። አቡጄዲው ከቀላ ያንን ክር ለሚታጠብ ነገር አይጠቀሙበት።

መጨማደዱ ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገር ይመጣል። አንደኛ ጨርቁ ከጥልፉ በፊት አልታጠበም፤ አቡጄዲ በመጀመሪያው እጥበት ይገባል፣ ክሩ ግን ያንን ያህል አይገባም። ሁለተኛ የጥልፍ መወጠሪያው ላልቷል፤ የተወጠረ ጨርቅ በጣት ሲመቱት ከበሮ ከበሮ ማለት አለበት። ሦስተኛው ክሩ ወፍራም መሆኑ ነው። የጥልፍ ክር 6 ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ሆነው ነው የሚሸጠው፤ ለስስ ጨርቅ 2 ወይም 3 ብቻ ይበቃሉ። አንድ በአንድ እየሳቡ ያውጧቸውና መልሰው ያጣምሯቸው፤ በአንዴ ሁለቱን ከሳቡ ይቋጠራል። አበባ ሲሞሉም ከ8 ሚሊ ሜትር የረዘመ ስፌት አይጣሉ፤ ይላላና በጥፍር ይያዛል፣ እሱን ለማጥበቅ ሲስቡ ደግሞ ጨርቁ ይሸበሸባል።

ጥያቄ፦ በውሃ ቀለም የጦሳን ተራራ እየሳልኩ ነው። ወረቀቱ ይወላገዳል፣ ሰማዩ ላይ ደግሞ ጠርዙ የተሰነጣጠቀ የአበባ ጎመን የመሰለ ነጠብጣብ ይወጣል። ክረምት ላይ ይብሳል። (ከደሴ)

መልስ፦ ሁለቱም ከውሃ ነው፤ ደሴ ላይ ደግሞ ከጭጋጉ። ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ፣ ቤት ውስጥ የተቀባ ሰማይ ለመድረቅ ኮምቦልቻ ከሚወስድበት ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ችግሩ የሚፈጠረው በመካከል ነው። ወረቀቱ ሲያብረቀርቅ ቀለም መጨመር ይቻላል፤ ማብረቅረቁ ጠፍቶ ገና እርጥብ ከሆነ ግን የሚጨምሩት ውሃ ያለውን ቀለም ወደ ዳር ይገፋዋል፣ ያ ጠርዝ ነው ያዩት። በእጅዎ ጀርባ ነካ ያድርጉት፦ ከቀዘቀዘዎት አልደረቀም፤ እንደ ጠረጴዛው ከሆነ ደርቋል። ሊደርቅ ሲል ስህተት ማረም አይሞክሩ፤ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ሌላ ድርብ ይቀቡበት።

ለመወላገዱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ካገኙ ብዙ አይቸገሩም። 160 ወይም 200 ግራም ከሆነ ግን መወጠር አለበት። ወረቀቱን ለ5 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዝፈቁ፣ ውሃውን አንጠባጥበው በወፍራም ጣውላ ላይ ይዘርጉት፣ ዳሩን ዙሪያውን በየ5 ሳንቲ ሜትር በስቴፕለር ይምቱት። ተራ ፕላስተር እርጥብ ወረቀት ላይ አይያዝም። ጣውላውን አግድመው ያድርቁ፤ ክረምት ላይ ሙሉ ቀን ይስጡት። ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ራሱ ይወጠራል። ስቴፕሉን የሚነቅሉት ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ከከሰል ምድጃ አጠገብ አያድርቁት። ዳሩ ቀድሞ ይደርቅና ይቀደዳል፤ ከዚያ በላይ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ሰው ይገድላል። እርጥቡ ሥዕል ላይ ድመት እንዳትሄድ ሰፊ ካርቶን ይድፉበት፣ ጎኑን ግን 4 ቦታ ይብሱት፤ አለዚያ እርጥበቱ መውጫ አያገኝም።

ጥያቄ፦ በኪሮሽ የምሠራው ክብ ዳንቴል አንዳንዱ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል፣ አንዳንዱ ዳሩ ይወዛወዛል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ቆጠራ ነው። ክሩን አንድ ጊዜ በኪሮሹ ላይ ጠምጥመው በሚሠሩት ረጅሙ ስፌት የመጀመሪያው ዙር 12 ይሁን፣ በየዙሩም 12 ይጨምሩ፦ 12፣ 24፣ 36፣ 48። ጠምጥሞ በማይሠራው አጭር ስፌት ደግሞ በ6 ጀምረው በየዙሩ 6። ከጎደጎደ ጭማሪው አንሷል፤ ከተወዛወዘ በዝቷል። 2 ዙር አይተው ካልተስተካከለ ይፍቱት፤ ካውያ አያስተካክለውም።

ዳንቴሉ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ለማድረቅ ብዙዎች ስኳር ይጠቀማሉ። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ጉንዳን ይጠራል፣ ድመትም ትልሰዋለች። 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡ፣ 2 ኩባያ የፈላ ውሃ ላይ እያማሰሉ ይጨምሩ፣ ነጭነቱ ሲጠፋ ያውጡት። ለብ ሲል ዳንቴሉን ይንከሩ፣ በካርቶንና በፌስታል ላይ በስፒል ወጥረው ያድርቁት። ስፒሎቹንም ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) እና ናፍታሊን (የብል መከላከያ) ለድመት ጉዳት አላቸው? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ሁለቱም መርዝ ናቸው። የዘይት ቀለም ጸጉሯ ላይ ካረፈ በአኳራጅ አይጥረጉት፤ ቆዳዋን ያቃጥላል፣ ስትልሰውም ይገባባታል። በምግብ ዘይት አለስልሰው በጨርቅ ያውጡ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ያጥቧት። የደረቀውን በመቀስ ይቁረጡት። ብሩሽ የታጠበበት ውሃም ክዳን ባለው ዕቃ ይሁን፤ ካድሚየምና ኮባልት የተባሉ መርዛማ ብረቶች ያለባቸው ቀለሞች አሉ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ያስቀምጡት።

ናፍታሊኑን ከሣጥኑ ያውጡ። ብል የሚበላው ሱፍን፣ በተለይም ላብና ቅባት የነካውን ነው፤ ንጹሕ የጥጥ ክርና ዳንቴል አይነካም። የሱፍ ሹራብና የሱፍ ክር ብቻ አጥበው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ በፌስታል አጥብቀው አስረው ያስቀምጡ።